ለእናታችን ለብቻዋ ይሠራላት ወይስ የቤቱ ወጥ ይለወጥ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ለደም ግፊቷ ኤናላፕሪል በየቀኑ ትወስዳለች። ባለፈው ቀጠሮዋ ግፊቷ 160/95 ሆኖ በመገኘቱ ሐኪሙ ጨው እንድትቀንስ አጥብቀው ስለነገሩን፣ ለእርሷ ብቻ በትንሽ ድስት ጨው የሌለው ሽሮ መሥራት ጀመርን። ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብላ በላች፤ ከዚያ በኋላ ግን «የበሽተኛ ምግብ ለብቻዬ አልበላም» ብላ ሳትነካው ትተወው ጀመር። ይባስ ብሎ ጎረቤት ስትሄድ ቡናዋን እንደ አገሯ ልማድ በጨው እንደምትጠጣ ደረስንበት። ሳናስከፋት ምን ብናደርግ ይሻላል?

ምላሽ 1፦
እኛም ከአባታችን ጋር በዚሁ ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ በመጨረሻ የተለየውን ድስት ትተን የቤቱን ሁሉ ጨው ቀነስን። ልብ ሳንለው የቆየነው ነገር ቢኖር በርበሬውም ሆነ ሽሮው ከጨው ጋር የተፈጨ መሆኑ ነው፤ «ጨው የለውም» እያልን የምናቀርብለት ወጥ ለካ ከወፍጮ ቤት ጀምሮ ጨው ነበረው። በቀጣዩ ጊዜ ሁለቱንም ያለ ጨው አስፈጭተን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ኮረሪማውን ጠንከር አደረግን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሁላችንም ከባድ ነበሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ድግስ ቤት የቀረበልን ወጥ ጨው በዝቶብን ውኃ ስንጠጣ አመሸን።

ምላሽ 2፦
በነርስነት የማገለግል ስለሆንኩ ሁለት ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ በዳቦና በወጥ ማጣፈጫ ኩብ ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል። ከሁሉ በላይ የማሳስብዎት ግን፣ በጨው ምትክ የሚሸጡት አንዳንድ ምርቶች ፖታሲየም ያለባቸው በመሆናቸው፣ ኤናላፕሪል ለሚወስድ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የልብ ምት እስከማዛባት ሊያደርሱ ስለሚችሉ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይገዙላቸው ነው። ፌጦውም ሽፈራውም ኪኒኑን አይተኩም፤ በጾም ወቅትም ቢሆን የመድኃኒቱ ሰዓት በራስ ፈቃድ አይዘለልም።

ምላሽ 3፦
ስለ ቡናው፣ እናትዎን በሰው ፊት «ተዪ» አይበሏቸው፤ እኔ አድርጌው እናቴ አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች። ይልቁንስ ቡና የምታፈላውን ጎረቤት ቀደም ብለው በጆሯ ይንገሯትና በጨው ፈንታ ጤና አዳም ታቅርብላቸው፤ እሱም የአገር ቤት ወግ ስለሆነ ቅር አይላቸውም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በርበሬው ከጨው ጋር መፈጨት አለመፈጨቱን እናቴን ብጠይቃት፣ «ጨው ሳይገባበት ምኑን በርበሬ ሆነ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለሚቀጥለው ግን ቅመሙን ራሷ ልትመጥን ተስማምታለች። አራት ኪሎ ያህል ስለቀረን፣ እስኪያልቅ ድረስ ወጡ ላይ ሌላ ጨው አንጨምርም፤ እርሷም ከሁላችን ጋር ከአንድ መሶብ ትበላለች።