አልቲሜትሩ ዜሮ አልገባ አለኝ፤ ነገ ማታ በረራ አለኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

ብሩክ አራት ኪሎ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ያገለገለ የግላይደር አልቲሜትር (ከፍታ መለኪያ) ልገዛ እጄ ላይ ይዤዋለሁ፤ ነገ ማታ ስበር ለወንድሜ ልወስድለት ነው። ዜሮ አልገባም አለ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ባዞረውም ቀስቱ 1,700 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ የለም። ሻጩ ሂሳቡን ዛሬ ማታ ይፈልጋል። ተበላሽቷል? ልመልስለት?

የሰዓት ሠሪ ልጅ፦ መስታወቱን በጣትህ መታ መታ አድርገው። ያገለገለ ዕቃ ይደርቃል።

ሜሪ ካዛንቺስ፦ ግላይደር ምንድን ነው? ለማን ነው?

ብሩክ አራት ኪሎ፦ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ታላቅ ወንድሜ ፈረንሳይ ነው፣ ደቡብ አልፕስ፣ ሴንት ኦባን። ከጓደኞቹ ጋር አንድ አሮጌ ግላይደር አለው፤ አልቲሜትሩ ሞቶበታል። እዚህ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ እዚያ ግን ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚበርበት ወቅት። ከመብረሩ በፊት ዜሮ ያደርገዋል፤ ይሄ ዜሮ ካልገባ ምን ይሠራለታል?

ጡረተኛው ካፕቴን፦ ልጄ፣ ከአልቲሜትሩ በፊት ወንድምህ ተራራውን ይወቅ። ጠዋት ፀሐይ የምትመታው ምሥራቅ የሚያየውን ገደል ነው፤ የሚያነሳው አየር መጀመሪያ እዚያ ይገኛል። ከሰዓት ደግሞ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ወደሚያየው ይዞራል። ገደል ሥር ስትበር ስትታጠፍ ሁልጊዜ ከተራራው ወደ ውጭ ነው። ፍጥነትህን ደግሞ አትቀንስ። ከፊት ለፊት ሌላ ቢመጣ፣ ተራራው በቀኙ ያለው ቅድሚያ አለው፤ ያኛው ይለቅለታል። በሐምሌ አንድ ገደል ላይ ብዙ ግላይደር ይሰለፋል። ስዊዞች እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ፍላርም የሚባል ግጭት አስጠንቃቂ አለ። እሱ ይሠራል ወይ ብለህ ጠይቀው። አልቲሜትር ሁለተኛ ነው፤ ዓይን ይቀድማል።

ብሩክ አራት ኪሎ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ሻጩ እየጠበቀኝ ነው።

የሰዓት ሠሪ ልጅ፦ መታ መታ አደረግከው?

ዳዊት ፒያሳ፦ ከኋላ ያለችው ቀዳዳ ተደፍና ይሆናል። በአፍህ ንፋባት።

የሃንጋር ሰው፦ እንዳትነፋ! በአፍም አትሳብ! ውስጡ ያለው ካፕሱል እንደ ወረቀት የሳሳ ብረት ነው። አንድ ጊዜ በኃይል ከነፋህበት ካፕሱሉ ይጎዳል፣ ልኩም ይጠፋል።

ይልቅ ስማኝ፣ ተበላሽቷል ያለህ ማነው? አልቲሜትር የሚለካው የአየር ግፊት ነው። ፊቱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የምታያቸው፣ በማዞሪያው የሚቀየሩት ቁጥሮች ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ940 እስከ 1050 ገደማ ብቻ ነው የሚሄዱት። አራት ኪሎ ላይ ዜሮ ለማድረግ ግን ከ770 በታች መውረድ አለበት። ማዞሪያው እዚያ ድረስ አልተሠራም። 1,700 ላይ መቆሙ ትክክል ነው። ለወንድምህ ችግር የለውም፤ ሴንት ኦባን 460 ሜትር ላይ ስለሆነ እዚያ ዜሮ ይገባለታል።

ሄለን ስድስት ኪሎ፦ እኔ ደግሞ ዜሮ የሚለው ነገር ራሱ አይዋጥልኝም። ካርታ ላይ የተራራው ማለፊያ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ነው የሚጻፈው። ከሴንት ኦባን ዜሮ ብሎ ተነስቶ ባርሴሎኔት ቢያርፍ፣ ሜዳው 1,130 ሜትር ላይ ስለሆነ ጎማው መሬት ነክቶም 670 ይልለታል። ሲደክመውና ቦታ ሲያጣ ይሄንን በጭንቅላቱ እያሰላ? ለተራራ ከባሕር ጠለል ነው።

ብሩክ አራት ኪሎ፦ እሺ፣ መስኮቷን 1013 ላይ አደረግኩት፣ 2,330 ይላል። አራት ኪሎ ግን ከ2,400 በላይ አይደል? 100 ሜትር ያህል ይዋሻል ማለት ነው!

የሃንጋር ሰው፦ አይዋሽም። 1013 ለባሕር ጠለል የተወሰደ መደበኛ ግፊት ነው እንጂ የዛሬው አይደለም። የቦሌን የአየር ሁኔታ ሪፖርት ስልክህ ላይ ክፈት፤ ሜታር ይሉታል። ኪው (Q) ከሚለው ፊደል ቀጥሎ አራት አሃዝ አለ። አሁን 1025 ነው። መስኮቷን እዚያ ላይ አድርግና ቁጥሩን ንገረን። 2,430 አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ዳዊት ፒያሳ፦ ቀስቱ ይያዝ እንደሆነ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይዘኸው ውጣ። ዳገቱን ስትወጣ ሳይዘል ቀስ እያለ መጨመር አለበት።

ሜሪ ካዛንቺስ፦ በዚህ ዝናብ እንጦጦ? ልጁን ገደላችሁት።

የሃንጋር ሰው፦ የእንጦጦው ሐሳብ ጥሩ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ተይዞ ድንገት ከዘለለ አትግዛው። ግን እሱን ቢያልፍም ግላይደር ላይ እንዲሁ አይገጠምም። እዚያ ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን በግፊት መሣሪያ ይፈትነዋል፤ አየር ያፈስ እንደሆነ፣ በየከፍታው ምን ያህል እንደሚስት ያያል፣ ከዚያ ይፈርማል። ስለዚህ ሻጩን ወረቀት ጠይቀው። የመጨረሻው ምርመራ መቼ ነው? መለያ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል? ወረቀት ከሌለው የፍተሻውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

የሰዓት ሠሪ ልጅ፦ አባቴም እንዳይከፍተው ንገረው ብሏል።

ሜሪ ካዛንቺስ፦ አውሮፕላን ውስጥስ አይፈነዳም?

የሃንጋር ሰው፦ አይፈነዳም እህቴ። የመንገደኛ ካቢን ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይመስል ነው የሚያዘው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያየው ግፊት ነው። ብቻ ሻንጣ ውስጥ አይክተተው፣ ይወረውሩታል። በልብስ ጠቅልሎ በእጁ ይያዝ፤ ቀዳዳዋንም በፕላስተር ይሸፍን፣ አቧራ እንዳይገባ። ፍተሻ ላይ ከጠየቁት አውጥቶ ያሳያቸው።

ጡረተኛው ካፕቴን፦ ብሩክ፣ ስለ ፍላርሙ አልመለስክልኝም።

ሄለን ስድስት ኪሎ፦ 1025 ላይስ ስንት አለ?