ኤአይ ለትንሽ ድርጅት ከምኑ ይጀመራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ሆነን የቤት ዕቃ እንሠራለን። ሥራው አለ፣ የሚገለኝ ወረቀቱ ነው። ቀን ወርክሾፕ እውላለሁ፤ ማታ ፕሮፎርማ እጽፋለሁ፣ ደረሰኝ ኤክሴል ላይ እገለብጣለሁ፣ "ባለ ሦስት በሩ ቁም ሳጥን መቼ ይደርሳል?" ለሚሉኝ እመልሳለሁ። ኤአይ ተጠቀም ያላለኝ ሰው የለም። ሲስተም ልግዛ ወይስ ነፃው ይበቃል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እስቲ ምንም ሳትገዛ አንድ ሳምንት የሚመጣልህን መልእክት ቁጠር። እኔ ስቆጥር ያው ስድስት ጥያቄ ነው እየተመላለሰ የሚመጣው። የስድስቱን ትክክለኛ መልስ አንድ ገጽ ላይ ጻፍኩ። አሁን ገጹንና የደንበኛውን መልእክት ቻትጂፒቲ የሚባለው ኤአይ ላይ አስገብቼ "ከዚህ ገጽ ውጪ ምንም አትጨምር፣ ከሌለ የለም በለኝ" እለዋለሁ። ረቂቁን አይቼ፣ አርሜ እልካለሁ። ለመጀመሪያ ነፃው ይበቃሃል።

መልስ 2፦
አርሜ ያለውን አደራ እንዳታልፈው! የካናዳውን አየር መንገድ ኤር ካናዳን ያየ ይጠንቀቅ። ለደንበኛ በጽሑፍ የሚመልሰው ቻትቦቱ የሐዘን ጉዞ ቅናሽ ከተጓዙ በኋላም መጠየቅ ይቻላል ብሎ ለደንበኛ ነገረው፣ የድርጅቱ ደንብ ግን አይፈቅድም ነበር። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለተናገረው እኔ ተጠያቂ አይደለሁም ብሎ ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። እነ ቻትጂፒቲ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመቱ ነው የሚጽፉት፣ ስለዚህ የማያውቁትንም አሳምረው ይነግሩሃል። ዋጋና የማስረከቢያ ቀን ያለ አንተ ዓይን እንዳይወጣ። ሂሳቡንም ለኤክሴል ተወው፣ ኤአዩን ቀመሩን ብቻ አስጽፈው። የደንበኛ ስምና ስልክ ደግሞ አታስገባበት።

መልስ 3፦
እኔን ያሳረፈኝ የደረሰኙ ነው። ፎቶ አንስቼ "ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ ብለህ በሠንጠረዥ አውጣልኝ" እላለሁ። ቀለሙ የደበዘዘ ደረሰኝ ላይ ግን 1ን 7 ብሎ አንብቦብኝ ያውቃል፤ የያዝኩት በድምሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠንጠረዡ ድምርና የደረሰኙ ድምር እኩል ካልሆነ አልመዘግብም።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! የትናንቱን ብቻ ቆጠርኩት፤ ከ14 መልእክት 9ኙ "መቼ ይደርሳል" ነው። እኔ ደግሞ የማስረከቢያ ቀን የትም አልጻፍኩም፣ ሁሉም በቃሌ ነው። ዛሬ ማታ መጀመሪያ እሱን ነው የምጽፈው፣ ኤአዩን ከዚያ በኋላ እከፍተዋለሁ።