«ሻካራ ነው» ማለት ሥዕልን መንቀፍ ነው?

ጥያቄ፦ አንድ የመልክዓ ምድር ኤቺንግ (በአሲድ ከተበላ የመዳብ ሰሌዳ የሚታተም ሥዕል) እያየን «እንዴት ሻካራ ነው!» አልኩ። በአድናቆት ነበር። አብሮኝ የነበረው ሰው ግን ነቀፌታ መሰለው። ቃሉ ለሙገሳ አይሆንም እንዴ? «ድባብ» እና «ስሜት»ስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ይሆናል እንጂ! «ሻካራ» ክፉ የሚሆነው ወደ ሰው ሲሄድ ነው። «ግንኙነታቸው ሻከረ» ካልን ተቃቅረዋል ማለት ነው። ኤቺንግ ላይ ግን ሻካራነቱ ተለፍቶበት የመጣ ነው። የመዳብ ሰሌዳው አሲድ የማያሳልፍ ሰም ይቀባል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። በቆየ ቁጥር መስመሩ ይጠልቃል፣ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ሲታተምም ይጠቁራል። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሻካራነቱ የዓይን ብቻ አይደለም።

የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን ኤቺንግ «ሦስቱ ዛፎች» እዩት። በ1643 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ግራ ጥግ ላይ ዝናቡ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ሰያፍ፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ መስመር። ዛፎቹ ጋ ስትደርሱ መስመሩ ያጥራል፣ ይጠላለፋል፣ ቅጠሉን ከጥላው መለየት ያቅታል። ከዛፎቹ ጀርባ ያለው ሰማይ ደግሞ ባዶ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በደፈናው «ሻካራ» ከማለት የቱ ጋ እንደሆነ ብትናገሩ ሰውየው ይገባዋል። «የዛፎቹ ሻካራነት ሰማዩን አፈካው» ብትሉ ማን ነቀፌታ ይለዋል?

ድባብና ስሜት ለእኔ አንድ አይደሉም። ድባብ የሥዕሉ ነው፤ ስሜት የተመልካቹ። «ድባቡ ጭፍግግ ያለ ነው፣ እኔ ግን ደስ አለኝ» ቢባል የሚጋጭ ነገር የለውም። «ጭፍግግ» የሚለውን በጣም እወደዋለሁ፤ ለሰማይም ለፊትም እንለዋለን። «ፈካ»ም እንደዚያው። እንዲህ ያሉ ቃላት እያሉን «ስሜት ያለው ሥዕል» ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

ሌላ አባል፦ እስማማለሁ፣ ግን ጥቁር ሁሉ ሻካራ አይደለም። ያለ አሲድ መርፌው መዳቡን በቀጥታ ሲቧጥጠው፣ የተገፋው መዳብ በመስመሩ ዳር ቀና ብሎ ይቀራል። እሱ ቀለም ይዞ ሲታተም ከፈይ የመሰለ ጥቁር ይሰጣል። ሬምብራንት እዚሁ ሥዕል ላይ ከአሲዱ ጋር ተጠቅሞበታል። ለዚህኛው «ለስለስ ያለ» ብል ይሻለኛል። ቀና ያለው መዳብ በማተሚያው እየተጨፈለቀ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ይህን ጥቁር በደንብ የሚያሳዩት መጀመሪያ የታተሙት ቅጂዎች ናቸው።