አዲሱ ቢላዋዬ ዝጎ መጣ፤ ላስለው ወይስ ልመልሰው?

ሰላም ለሁላችሁ። ቢላዋ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አንድ ቢላዋ አይቼ በ450 ብር አዘዝኩ። ፎቶው ላይ እንደ መስታወት ያበራል። የፈለግኩት ዶሮ ለመበለት ነው። ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ፤ 12 ብልት በዶለዶመ ቢላዋ ማውጣት ደግሞ መከራ ነው።

ሞተረኛው አድርሶልኝ ከሄደ በኋላ ካርቶኑን ስከፍት ክው አልኩ። ከእጀታው አጠገብ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ በጣቴ ስነካው ዱቄቱ እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ ትንሽ ተቆልምሟል። የእንጨት እጀታውን ከያዙት ሦስት ሚስማሮች አንዱ ላልቷል፣ ስጨብጠው ይነቃነቃል። ቲማቲም ላይ ሞከርኩት፤ ጨፈለቀው እንጂ አልቆረጠውም።

ሻጩን ብጠይቀው «በዚህ ዋጋ ምን ጠብቀሽ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አፈርኩ። ግን ርካሽ ማለት የዛገ ማለት ነው እንዴ?

ዝገቱን በሎሚና በጨው ፈትጌ አብዛኛው ለቋል። ጎድጎድ ያለ ምልክት ግን ቀርቷል። እንዲህ ባለ ቢላዋ ምግብ ቢሠራበት ችግር አለው? ስለቱን በሞረድ ልሞክር ወይስ መሳያ ድንጋይ ልግዛ? በድንጋይ ስትስይ ቢላዋውን አንዱ በ15 ዲግሪ አዘንብለሽ ያዢው ይላል፣ ሌላው በ20። ሰፈራችን ቢላዋ የሚስል ሰውዬ አለ፤ ማሽኑ ብረቱን እያጋለ ያበላሸዋል ብለው አስፈራሩኝ።

ከሁሉም ያሳሰበኝ እጀታው ነው። እጄ በዶሮ ስብ ሙልጭልጭ ብሎ ቢዞርብኝስ? ሚስማሩን ራሴ ላጥብቀው ወይስ ገንዘቤን መልስ ብዬ ልሟገት? ከቅዳሜ በፊት መላ በሉኝ።