ፕላኔቴ ጠፋችብኝ፣ ድረሱልኝ!

ሌሊት ወፍ፦ ሰዎች፣ ነገ ጠዋት ለቡድኔ አቀርባለሁ፣ ፕላኔቷ ግን የለችም። የፕላኔት ፈላጊው ቴስ ሳተላይት ዳታ ነው፤ ደብዘዝ ያለች ቀይ ድንክ (ትንሽና ቀዝቀዝ ያለች) ኮከብ። ባለ 2 ደቂቃው ዳታ (ብርሃኗ በየ2 ደቂቃው የተለካበት) ላይ፣ ፕላኔቷ ስትጋርዳት የሚመጣው 0.6 በመቶ የሚሆን የብርሃን ዝቅታ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ይሻላል ብዬ ባለ 20 ሰከንዱን አወረድኩ። ኮዱ ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልነካሁም። ግራፉ ዝርግ ሆኖ ቀረ። ምን ጉድ ነው?

ጭላንጭል፦ ዳታውን አጥፍተህ እንደገና አውርደው።

ሌሊት ወፍ፦ አደረግኩት። ያው ነው።

መምህሩ፦ መጀመሪያ 0.6 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ እንረዳ። ምድር በፀሐይ ፊት ስታልፍ የምትጋርደው 0.008 በመቶ ገደማ ነው። የኮከቡ ራዲየስ የፀሐይን 12 በመቶ ያህል ከሆነ ግን ያችው ምድር 0.6 በመቶ ገደማ ትጋርዳለች። በ2017 ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉት የተነገረለት ትራፒስት-1 እንዲህ ያለ ኮከብ ነው። ችግሩ ድንኮቹ ደብዛዛ ናቸው፤ በዚያ ላይ ብርሃናቸውን ድንገት ከፍ የሚያደርግ ፍንዳታ ያበዛሉ...

ሳቂታው፦ መምህር፣ የልጁ ቤት እየተቃጠለ እርስዎ የእሳትን ታሪክ ያስተምራሉ 😂

ተጠራጣሪ፦ ፕላኔት ነው ያለህ ማነው? የቴስ አንድ ፒክስል ሰፊ ነው፤ ጎኑ 21 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ) ነው። እርስ በርሱ የሚጋረድ ጎረቤት ጥንድ ኮከብ ብርሃኑን ሊቀላቅልብህ ይችላል። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛውን ዝቅታ ከ2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛው ጋር አነጻጽር። ጥልቀታቸው ከተለያየ ጠርጥር።

ሌሊት ወፍ፦ ወንድሜ፣ እሱ በኋላ! አሁን የማነጻጽረው ዝቅታ ራሱ የለም።

ስሌት፦ ላይትከርቭ (የፓይተን ፕሮግራሙ) ላይ ፍላተን ስታደርግ፣ ማለትም የኮከቡን ዝግ ያለ መዋዠቅ ስትደለድል፣ መስኮቱን (በአንዴ የሚያየውን ርዝመት) ስንት አልከው?

ሌሊት ወፍ፦ ምንም። እንዳለ ተውኩት።

ስሌት፦ በቃ፣ እሱ ነው። ካልነገርከው 101 ይወስዳል። 101 የልኬት ነጥብ እንጂ ደቂቃ አይደለም። በ2 ደቂቃ ዳታ 3 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይሆናል፤ በ20 ሰከንድ ዳታ 34 ደቂቃ ብቻ። ዝቅታህ ይህን ያህል ከቆየ የኮከቡ መዋዠቅ መስሎት ጠራርጎታል። 607 አድርገው፤ ቁጥሩ ኢተጋማሽ ይሁን። ፕላኔቷ የምታልፍበትን ሰዓት ማስክ ብታደርገው (ፍላተኑ እንዳያየው ብትሸፍነው) ደግሞ የበለጠ ነው።

ጭላንጭል፦ እንደገና ማውረዱም አይጎዳም።

ቀይ ድንክ፦ ስሌት ልክ ነው። ፍንዳታዎቹን ለማጥፋት ያፈነገጡ ነጥቦችን የምትቆርጥ ከሆነም ከላይ ብቻ ቁረጥ። ከታች ከቆረጥክ ፕላኔቷን በገዛ እጅህ ጣልካት።

ሳቂታው፦ ሌሊት ወፍ፣ አለህ? ነጋ እኮ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ የኔ ዳታ ባለ 10 ደቂቃ ነው። 101ን እንዳለ ልተወው?

ስሌት፦ ወደ 17 ሰዓት ይሆናል። ዝቅታህን አይነካውም። ግን ኮከቡ ቶሎ የሚሽከረከር ከሆነ መዋዠቁ አይጠፋልህም፣ ቀነስ አድርገው።