ፊልም በታሪክ ክፍለ ጊዜ፦ «ጊዜ መግደያ» ነው ወይ?

የታሪክ አስተማሪ (ድሬዳዋ)፦
ትናንት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው «ፊልም ጊዜ መግደያ ነው፤ ልጄን የላክሁት እንድትማር ነው» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳየኋቸው ስለ ደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች አመፅ የተሠራውን «ሳራፊና»ን ነው። በየዓመቱ ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ብለን እናከብራለን። ለምን ሰኔ 9 ሆነ ብዬ ስጠይቅ አንድም እጅ አልወጣም። አሁን ያውቃሉ። በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 አፍሪካንስ በሚባለው የነጮቹ ገዢዎች ቋንቋ አንማርም ብለው በወጡበት ቀን ነው የተተኮሰባቸው። ይሄ ነው ጊዜ መግደል?

የሳቢያን አባት፦
የተናገርኩት እኔ የሳቢያን ሰፈሩ ነኝ፤ አልክድም። ልጄ ቤት መጥታ ያወራችኝ ስለ ዘፈኑና ስለ ጭፈራው ነው። ሳራፊና የተባለችው ልጅ ደራሲ የፈጠራት ናት። ሄክተር ፒተርሰን ግን በእውነት የነበረ ልጅ ነው፤ በዚያው ቀን ሶዌቶ ውስጥ ገና በ12 ዓመቱ በጥይት ሞተ። ልጄ ስሙን እንኳ አልሰማችም። ታዲያ ምኑን ተማረች?

የታሪክ አስተማሪ፦
ጋሼ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ ስሙን መንገር ነበረብኝ። ግን «ጊዜ መግደያ» ያሉትን አልቀበልም።

ተማሪ ነኝ፦
ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣል። መብራት ሁለቴ ጠፋ። አንድም ልጅ ከቦታው አልተነሳም። ቲቸር ማስታወሻ ሲያስገለብጡን ግን ግማሹ ክፍል ይተኛል። ቲቸር ይቅርታ፣ እውነቱ ይሄ ነው።

የሳቢያን አባት፦
የ12ኛ ክፍል ፈተና ፊልም አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. ከ100 ተፈታኝ የፈተናውን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሦስት ክፍለ ጊዜ ሲበላብኝ ዝም ልበል?

የከዚራ ልጅ፦
ኧረ አቦ! እነዚያ ልጆች የወደቁት ፊልም እያዩ ነው እንዴ? እኛ ሰሌዳ ስንገለብጥ ነው ያደግነው። ፈተናው ሲያልቅ የያዝነውም አብሮ አለቀ። ጊዜ የተገደለውማ ያኔ ነው።

የመጋላ እናት፦
እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ልጆች በማይገባቸው ቋንቋ አንማርም ብለው የሞቱበትን ታሪክ፣ የኛ ልጆች በእንግሊዝኛ ነው ያዩት። የኔ ልጅ ቤት ውስጥ ሶማሊኛ ነው የሚያወራው፤ ጎረቤቱ ኦሮምኛ። ማን ቆም እያደረገ አስረዳቸው?

ከጀጎል፦
ሶዌቶ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ አጠገባችን ጨለንቆ አለ። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር ጦር ሲዋጉ ሰው ያለቀበት ሜዳ ነው። ማን ፊልም ሠራለት?

የከዚራ ልጅ፦
ራስ መኮንንም ጦር ይዘው ዓድዋ የዘመቱት ከሐረር ነው። እሱንስ ለምን አላነሳህም?

ከጀጎል፦
ዓድዋማ ፊልም አለው፤ ኃይሌ ገሪማ ሠርቶታል። እኔ የጠየቅሁት ስለ ጨለንቆ ነው። ጥያቄዬን አትለውጥብኝ።

የታሪክ አስተማሪ፦
ኃይሌም ሽማግሌ አስተርኮ ነው የሠራው። ተማሪዎቼ ስልክ አላቸው። ጨለንቆን የሚያውቅ አያት ያለው ይንገረኝ፤ ይዣቸው እመጣለሁ።

የሳቢያን አባት፦
በትምህርት ሰዓት?