አዲስ አኳሪየም፦ ዓሣዎቹ ገብተው እያለ ውሃውን መለካት

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)
ባለ 60 ሊትር አኳሪየም፣ 5 ጉፒዎች፣ ሁለተኛ ሳምንቱ። መለኪያው በሊትር አሞኒያ (ከዓሣዎቹ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) 0.5፣ ናይትራይት 0.25፣ ናይትሬት 5 ሚሊግራም አሳየኝ። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው። ልቀይረው ወይስ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጠው ባክቴሪያ እንዳይረበሽ ልተወው?

መልስ (ባሕር ዳር)
ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ቀይር። ጥራቱ አያታልልህ፤ አሞኒያም ናይትራይትም በዓይን አይታዩም። ሁለቱ ተደምረው 0.5 ካለፉ ግማሹን፣ ማለትም 30 ሊትር ቀይር። ባክቴሪያው የሚኖረው ማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ስለሆነ አይጎዳም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምርበት። በባልዲ ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል፣ ክሎራሚንን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበትን) ግን አያስወጣም። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው፤ ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)
የናይትሬቱን ቁጥር ቶሎ አትመን። የናይትሬት መለኪያው ሁለተኛ ጠርሙስ ፈሳሽ ከታች ስለሚዘቅጥ 30 ሰከንድ በደንብ ካልተናጠ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ማርቆስ ደግሞ ብርድ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያው ይዘገያል። በማሞቂያ 25 ዲግሪ ላይ አቆየው። ፒኤችም (የውሃውን አሲዳማነት መለኪያ) ለካ፤ ከ8 ካለፈ ያው የአሞኒያ መጠን ይበልጥ መርዛማ ይሆናል።

መልስ (ባሕር ዳር)
ትክክል። አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፣ ዓሣዎቹም ላይ ላዩን እየዋኙ ያለከልካሉ። ያኔ ውሃ ከመቀየር ጋር በሊትር 1 ግራም ጨው አሟሟተህ ቀስ በቀስ ጨምር፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥባቸው እንዳይገባ ይከላከላል። ጨው አይተንም፣ ስለዚህ ቀጥሎ የምትጨምረው ለቀየርከው ውሃ ልክ ብቻ ነው። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ ቆንጠር አድርገህ ስጥ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ለአንድ ሳምንት ዜሮ እስኪሆኑ በየቀኑ ለካ።